ብር ሲረክስ ወንጀል ይከብዳል

የዱሮ ሰው ጨርቅ ሊገዛ ገበያ ሲወጣ ክንዱ ረጅም የሆነ ዘመድ ይዞ ይሄድ ነበር። ልኬቱ በክንድ ነውና በአጭር ሰው ክንድ አሥር የተባለው አቡጀዲ በረጅሙ ሰው ክንድ ስምንት ብቻ ይሆናል። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ መጀመሪያ የሚጣሉት በዋጋው ሳይሆን ማን ይለካ በሚለው ነበር።

የወንጀል ቅጣትም በአገራችን ለረጅም ጊዜ እንዲሁ በየዳኛው ክንድ ሲለካ ኖሯል። የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 540 ተራ የሰው ግድያን ከ5 ዓመት እስከ 20 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል 15 ዓመት አለ፤ አንድ ሕፃን ተወልዶ ዘጠነኛ ክፍል የሚደርስበት ዕድሜ ማለት ነው። ደሴ የተፈረደበትና ጎንደር የተፈረደበት፣ ጥፋታቸውም ሆነ ጠባያቸው ተመሳሳይ ሆኖ፣ አንዱ በ6 ሌላው በ14 ዓመት ቢቀጣ ሁለቱም ፍርዶች ከሕጉ አልወጡም። ሕጋዊ ናቸው፤ ፍትሐዊነታቸውን ግን ለታሳሪዎቹ ማስረዳት ይከብዳል።

በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ይህን አስቀድሞ አይቶታል። አንቀጽ 88 በንዑስ አንቀጽ 4 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የቅጣት አወሳሰን ትክክለኛና ወጥ እንዲሆን መመሪያ እንዲያወጣ ያዛል። የመጀመሪያው መመሪያ፣ ቁጥር 1/2002፣ በዚሁ መሠረት ወጣ። ከዚያ በቁጥር 2/2006 ተተካ። የወንጀል ሕጉ የፌዴራል ሕግ በመሆኑ መመሪያው ለአዲስ አበባ ችሎቶች ብቻ የተጻፈ አይደለም፤ ደሴና ኮምቦልቻ ያሉ ዳኞችም ለዓመታት የቆጠሩት በእርሱ ነው።

ክንዱ የጋራ ሆነ ማለት ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ላቃልለው አልፈልግም። መመሪያው ይሻሻል የሚለው ጥያቄ በተነሳ ቁጥር ግን ክርክሩ ሁሉ ቅጣት ይጥበቅ ወይስ ይላላ ወደሚለው ያመራል። እኔ የምጨነቀው ከዚያ ባነሰ፣ ሰልቺ በሚመስል ነገር ነው። በክንዱ ላይ የተቀረጹት ምልክቶች የተጻፉት በብርና በአንቀጽ ቁጥር ነው። ብሩ ረክሷል፤ አንቀጾቹም ከቦታቸው ተነስተዋል።

ችሎት ገብቶ የማያውቅ ሰው መጀመሪያ ግር የሚለው «እርከን» የሚለው ቃል ነው። አንድ ቀን ደሴ በሚገኝ ፍርድ ቤት ግቢ፣ ከኮምቦልቻ በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ወጥተው ለልጃቸው ይግባኝ የመጡ እናት አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። «ልጄ፣ እርከን የሚሏት ነገር ምንድን ናት? ወጣች አሉ፣ ወረደች አሉ፤ እኔ ግን ልጄ የት ላይ እንደቆመ አልገባኝም» አሉኝ። «እማማ፣ መሰላል ነው» ብዬ ጀመርኩ።

በእርግጥም መሰላል ነው። ተከሳሹ ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ ዐቃቤ ሕጉ የቅጣት ማክበጃ እንዳለው፣ ተከሳሹም ማቅለያ እንዳለው ይጠየቃሉ። ዳኛው በቅድሚያ ወንጀሉ በመመሪያው የተሰጠውን ደረጃ ይፈልጋል። ደረጃው ከሰንጠረዡ ወደ አንድ እርከን ይወስደዋል፤ መነሻው ያ ነው። ከዚያ እንደ ክፉ ምክንያት፣ በቡድን መፈጸም፣ ሥልጣንን መከታ ማድረግ ያሉ በአንቀጽ 84 የተዘረዘሩ ማክበጃዎች ካሉ ወደ ላይ ይወጣል። በአንቀጽ 82 የተዘረዘሩ ማቅለያዎች ካሉ ደግሞ ወደ ታች ይወርዳል። በመጨረሻ የቆመበት እርከን ጠባብ የሆነ መነሻና መድረሻ ጊዜ አለው፤ ዳኛው የሚመርጠው በዚያ መካከል ነው። የዱሮው የ15 ዓመት ሜዳ እዚህ ጋ ወደ ጠባብ መደብ ይቀየራል።

እናቲቱ በጥሞና ሰሙኝና «እሺ፣ መጀመሪያ ያቆሙት የትኛው ላይ ነው?» አሉ። ከሕግ ተማሪ የማይጠበቅ ጥያቄ ነው። መውጣትና መውረዱ ሁሉም የሚከራከርበት ነገር ነው፤ ዋናው ቅጣት ግን ብዙውን ጊዜ የሚወሰነው መነሻው ላይ ነው።

በንብረት ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎችን እንውሰድ። ስርቆት በአንቀጽ 665 በቀላል እስራት ወይም፣ እንደ ነገሩ ክብደት፣ ከ5 ዓመት በማይበልጥ ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ሕጉ ራሱ ስንት ብር ሲሰረቅ ስንት ዓመት እንደሚሆን አይናገርም። ወጥነት ሲፈለግ ግን የንብረቱ ዋጋ ከሁሉ የቀለለ መለያ ይሆናል፤ ብዙ የተሰረቀበትና ጥቂት የተሰረቀበት እኩል አይደሉምና። ስለዚህ በስርቆት፣ በማታለልና በመሰል ወንጀሎች ላይ የገንዘብ መጠን የደረጃ ወሰን ሆኖ ያገለግላል። ሐሳቡ ጤነኛ ነው። ችግሩ ወሰኑ በብር ሲጻፍና ብሩ ሲሸሽ ነው።

በምሳሌ ልናገር፤ ቁጥሩ የእኔ ነው፣ ከመመሪያው የተቀዳ አይደለም። በአንድ ወንጀል የመጀመሪያው ደረጃ ወሰን 10,000 ብር ነው እንበል። በ2006 ዓ.ም. ኮምቦልቻ አንድ ግንባታ ቦታ የቀን ሠራተኛ የነበረ ወጣት ጥቂት ፌሮ በሌሊት አሳልፎ ሸጠ። ዋጋው 6,000 ብር ወጣ፤ ከወሰኑ በታች ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ ታናሽ ወንድሙ ያንኑ ያህል ፌሮ፣ በዚያው ሌሊት ሰዓት፣ ከዚያው ዓይነት ቦታ ወሰደ። ፌሮው አልከበደም፤ ቁጥሩም አልጨመረም። ገማቹ ግን የዛሬውን የገበያ ዋጋ ነው የሚጽፈው፤ 30,000 ብር። ታናሽየው ከወሰኑ በላይ ነው። ደረጃው ከፍ አለ፣ መነሻ እርከኑም አብሮ ወጣ። በሁለቱ ወንድማማቾች መካከል የተለወጠው የብሩ ዋጋ ብቻ ነው።

ይህ እኔ የፈጠርኩት ምሳሌ ቢሆንም ከበስተጀርባው ያለው የብር ጉዞ እውነት ነው። የወንጀል ሕጉ በሥራ ላይ ሲውል አንድ የአሜሪካ ዶላር 9 ብር አይሞላም ነበር። ሁለተኛው መመሪያ በወጣበት ጊዜ 19 ብር ገደማ ደርሷል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ ከ57 ብር ተነስቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ 100 አለፈ፤ ከዚያም በኋላ 130ን ተሻገረ። ፌሮ፣ ስልክ፣ የመኪና መለዋወጫ፣ ማለትም በከተማ የሚሰረቀው ዕቃ አብዛኛው፣ ዋጋው ከውጭ ምንዛሬ ጋር የተሳሰረ ነው። እናም ማንም ሳይወስን፣ ማንም ሳይፈርም፣ የስርቆት ቅጣት በየዓመቱ በጸጥታ ወደ ላይ ይገፋል። ይህ ግፊት የሚያርፈውም ትንሹ ሌባ ላይ ነው። ትልቁማ ከመጀመሪያውም የመጨረሻው ደረጃ ላይ ስለነበር ከዚያ በላይ የሚወጣበት የለውም።

በሌላ በኩል ግን ያው የብር መርከስ ቅጣትን ያቀልላል፤ መቀጮ ሲሆን። አንቀጽ 90 ለግለሰብ የሚጣለውን መቀጮ በመርህ ደረጃ ከ10 ብር እስከ 10,000 ብር ይወስነዋል፤ በሕግ ሰውነት ለተሰጠው ድርጅት ደግሞ ከ100 እስከ 500,000 ብር። ሕጉ በወጣበት ጊዜ 10,000 ብር ከ1,100 ዶላር በላይ ይመነዘር ነበር። ዛሬ 80 ዶላር አይሞላም። አሥር ብር ምን እንደሚገዛ ደግሞ ፒያሳ ላይ ሻይ የጠጣ ሁሉ ያውቀዋል።

የድርጅቱ ነገር ኮምቦልቻ ላይ የተለየ ትርጉም አለው። ከተማዋ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቢራና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች መኖሪያ ናት፤ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮም የኢንዱስትሪ ፓርክ አላት። ቦርከና ወንዝ በአጠገቧ ያልፋል፤ ወደ እርሱ የሚገቡት ትንንሽ ወንዞች የፋብሪካ ፍሳሽ እንደሚነካቸው ሲነገር ብዙ ዓመት ሆኗል። ድርጅት ሊታሰር አይችልም፤ ስለዚህ ሕጉ የእስራቱን መጠን ወደ መቀጮ ይመነዝረዋል። ለአንድ ሰው እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት የሚያስከትል ወንጀል ድርጅቱን እስከ 10,000 ብር ያስቀጣዋል፤ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት የሚያስከትለው ደግሞ እስከ 20,000 ብር። የማንኛውም ፋብሪካ ሒሳብ ሹም ይህን ገንዘብ ከነዳጅ ወጪ ለይቶ የሚያየው አይመስለኝም። በአንድ የቅጣት ሥርዓት ውስጥ፣ በአንድ የብር መርከስ ምክንያት፣ ፌሮ የሰረቀው ወጣት ቅጣት ይከብዳል፤ ወንዝ ያበላሸው ድርጅት ቅጣት ይቀልላል። ማንም ይህን አስቦ አላደረገውም፤ አለማሰቡ ነው እንግዲህ ችግሩ።

ከገንዘቡ ቀጥሎ የሚመጣው የአንቀጾቹ ነገር ነው። ሁለተኛው መመሪያ በ2006 ዓ.ም. ሲወጣ የሙስና ወንጀሎች በወንጀል ሕጉ ውስጥ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ወጣና እነዚህን ወንጀሎች ወደ ራሱ ወሰዳቸው። ለዓመታት በዜና «አንቀጽ 407» ስንለው የኖርነው በሥልጣን ያለአግባብ መገልገል በአዲሱ አዋጅ ሌላ ቁጥር ያዘ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ በ2008 ቁጥር 958 ሆኖ መጣ። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ በአንድ ወቅት ብዙ ሕግ ወጣ፤ የሽብር ወንጀል 1176፣ የጦር መሣሪያ 1177፣ በሰው የመነገድና ስደተኛን በሕገ ወጥ መንገድ የማሻገር ወንጀል 1178፣ የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ 1185።

ከእነዚህ ውስጥ ወሎን በቀጥታ የሚነካው 1178 ነው። ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ፣ ከዚያ ወደ ጅቡቲ፣ ባሕር ተሻግሮ ወደ የመንና ሳዑዲ ዓረቢያ የሚዘልቀው የስደት መንገድ ለዚህ አካባቢ ሰው የሩቅ ወሬ አይደለም። ልጁን ያልሸኘ ቤት ቢኖር የጎረቤቱን ልጅ ሸኝቷል። በዚህ መንገድ ላይ ብዙ ዓይነት ሰው ይሠራል፤ ከመንደር ልጆችን የሚመለምል ደላላ አለ፣ አንድ ሌሊት የሚያሳድር ቤት አከራይ አለ፣ ከኮምቦልቻ ባቲ ድረስ የሚያደርስ ሾፌር አለ፣ በረሃ ላይ አግቶ ከቤተሰብ ገንዘብ የሚጠይቅ ጨካኝም አለ። አዋጁ ድርጊቶቹን ይለያያቸዋል፤ ቅጣቱም ከባድ ነው። በ2006 የተጻፈ መመሪያ ግን በ2012 ለወጣ ወንጀል ደረጃ ሊሰጠው አይችልም።

ታዲያ ዳኛው ምን ያደርጋል? መመሪያው ደረጃ ላልወጣላቸው ወንጀሎች መንገድ አለው። ዳኛው ራሱ የወንጀሉን አፈጻጸምና ሁኔታ መዝኖ ዝቅተኛ፣ መካከለኛ ወይም ከባድ ብሎ ይመድበዋል፤ ከዚያ ወደ መሰላሉ ይገባል። መነሻውን ግን በራሱ ክንድ ለካው ማለት ነው። አንዱ ችሎት ሾፌሩን የሰንሰለቱ ዋና ቀለበት ነው ብሎ ከባድ ይለዋል፤ ሌላው ኪራይ የተቀበለ ሰው ነው ብሎ ዝቅተኛ ይለዋል። ሁለቱም ምክንያታቸውን በሚገባ ሊጽፉ ይችላሉ። እንደዚያ ከሆነ ግን በ2002 ወደ ኋላ ትተነው የመጣነው ገበያ ላይ ተመልሰን ቆመናል፤ ረጅም ክንድ ያለው ዘመድ ፍለጋ። በየጊዜው አዳዲስ የወንጀል አዋጅ ሲወጣ መመሪያው የሚሸፍነው ክፍል ያንሳል፤ ደረጃ ያልወጣለት የተባለው ለልዩ ሁኔታ የታሰበ በር ዋና መግቢያ ይሆናል።

የሾፌር ነገር ከተነሳ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን መንገድ ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ሐረጎ ላይ ጭጋግ ሲወርድ ተሳቢ የጫነ መኪና ፊት ለፊት ሲመጣ ያየ ሰው ለምን እንደሆነ ያውቃል። በቸልተኝነት ሰው መግደል በአንቀጽ 543 ሦስት ክፍል አለው። ሁለተኛው ንዑስ አንቀጽ እንደ ሾፌር ወይም ሐኪም ያለ የሌላውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበትን ሰው ይመለከታል፤ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራትና ከ3,000 እስከ 6,000 ብር መቀጮ። ሦስተኛው ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰው ሲሞት፣ ወይም ግልጽ የሆነ ደንብ ተጥሶ ሲሆን ወይም በስካርና በመሰል ሁኔታ ሲፈጸም ነው፤ ከ5 ዓመት እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራትና ከ10,000 እስከ 15,000 ብር። አንዱ ከሚያበቃበት ሌላው ይጀምራል። ፍሬን እንቢ ያለው ያው መኪና፣ በዚያው ኩርባ ላይ፣ አንድ መንገደኛ ገጭቶ ሲቆምና ሁለት ገጭቶ ሲቆም የሾፌሩ ሕይወት በሁለት የተለያዩ መሰላሎች ላይ ይውላል። መነኸሪያ አካባቢ ሾፌሮች «ሦስት» እና «ሁለት» እያሉ የሚያወሩት ይህን ነው፤ ንዑስ አንቀጹን በቃላቸው ያውቁታል። መመሪያው እዚህ ጋ ሊረዳ የሚችለው በየንዑስ አንቀጹ ውስጥ ብቻ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ገደል የሕጉ ነው፤ የትኛው ንዑስ አንቀጽ እንደሚጠቀስ ደግሞ ከዳኛው በፊት ዐቃቤ ሕጉ ክሱን ሲጽፍ ይወስናል።

ከማቅለያዎች መካከል በወሎ ብዙ የሚያነጋግረው እርቅ ነው። ደም ሲፈስ ሽማግሌ መግባቱ፣ በአንዳንድ አካባቢም አባጋር የሚባሉ አስታራቂዎች መሐል ገብተው ደም ማድረቃቸው፣ ካሳ ተከፍሎ ሁለቱ ወገን በአንድ ማዕድ መቀመጣቸው እዚህ ከፍርድ ቤት በፊት የነበረ፣ ከፍርድ ቤትም ጎን ለጎን የቀጠለ ነገር ነው። ሕጉ ለዚህ በሩን አልዘጋም። አንቀጽ 82 ንዑስ አንቀጽ 1 በፊደል ተራ «ሠ» ከልብ መጸጸትን፣ ተጎጂውን መርዳትን፣ ራስን ለሕግ ማቅረብን፣ ጥፋትን ማመንንና በተቻለ መጠን ጉዳትን መካስን ይጠቅሳል። ሁሉም ግን በአንዲት ፊደል ሥር ተጠቅልለዋል። እጁን የሰጠ፣ ያመነ፣ ሽማግሌ ልኮ ካሳ የከፈለና የሟችን ልጆች ለማስተማር ቃል የገባ ሰው አንድ ማቅለያ አለው ወይስ ሦስት? ፊደሏን የሚቆጥር ዳኛ አንድ ይላል፤ ድርጊቶቹን የሚቆጥር ይጨምራል። በእኔ አስተያየት በችሎት ጥፋትን ማመንና ከተጎጂው ወገን ጋር መታረቅ በአንድ ቁና የሚሰፈሩ አይደሉም። የመጀመሪያው የፍርድ ቤቱን ጊዜ ያተርፋል፤ ሁለተኛው ቀጣዩን ግድያ ያስቀራል። አንድ ማሻሻያ ይህን በአንድ መስመር ሊለየው ይችላል።

«የቤተሰብ አስተዳዳሪ ነኝ» የሚለው ልመናም አለ። በአንቀጽ 82 ዝርዝር ውስጥ የለም፤ ችሎት ውስጥ ግን የማይቀርብበት ቀን የለም። አንቀጽ 86 በሕጉ ያልተዘረዘረ ምክንያትን ዳኛው ምክንያቱን ገልጾ እንዲቀበል ይፈቅዳል። በዚያ በኩል ይገባል፤ አንዳንዱ ዳኛ ጋ ይገባል፣ አንዳንዱ ጋ አይገባም።

የደጋጋሚነት ማክበጃም ሌላ ፈተና አለበት፤ የቆየ መዝገብ ይፈልጋል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያልፍ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ተዘርፈዋል። ወረቀቱ የጠፋበት ሰው ንጹሕ ሆኖ ይቀርባል፤ ወረቀቱ የተረፈበት ይከብድበታል።

እንግዲህ ማን ምን ሊያስተካክል ይችላል የሚለውን መለየት ያስፈልጋል፤ ክርክሩ የሚደናገረው እዚህ ላይ ነውና። በመመሪያው ውስጥ ያሉትን የገንዘብ ወሰኖችና ደረጃዎች ያወጣቸው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው፤ እርሱው ሊቀይራቸው ይችላል። አንቀጽ 88 ሥልጣኑን ሰጥቶታል። በ2007 እና ከዚያ በኋላ ለወጡ አዋጆች ደረጃ ለማውጣትም የሌላ አካል ፈቃድ አያሻውም። የመቀጮ ጣሪያ፣ የአንቀጽ 543 ገደል፣ የድርጅቶች መቀጮ ግን በሕጉ ውስጥ የተጻፉ ናቸው፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ካልነካቸው በስተቀር የትኛውም መመሪያ አይነካቸውም።

ሌሎች አገሮች ይህን ሰልቺ ሥራ ሠርተውታል። የአሜሪካ ፌዴራል የቅጣት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2015 የገንዘብ ሠንጠረዦቹን በዋጋ ንረት ልክ ከፍ አድርጓቸዋል፤ ለማታለል ወንጀል የመጀመሪያው ወሰን ከ5,000 ወደ 6,500 ዶላር ተሸጋገረ። በዚያ አገር የዋጋ ንረት ከእኛ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ እነርሱ ግን አደረጉት። ፊንላንድ ከ1921 ጀምሮ፣ ጀርመንም በኋላ፣ መቀጮን በቀን ገቢ ይቆጥራሉ፤ ፍርዱ የሚለው ስንት ብር ሳይሆን የስንት ቀን ገቢ ነው። የእኛ የቀን ሠራተኛ ገቢው በወረቀት ስለማይገኝ ይህ እንዳለ ሊወሰድ አይችልም። ይሁን እንጂ ወሰኖቹን በብር ከመጻፍ ይልቅ በአንድ የመለኪያ ነጥብ ጽፎ የነጥቡን ዋጋ በየሁለት ወይም በየሦስት ዓመቱ ማሳወቅ ከባድ ሥራ አይደለም። አንድ ገጽ ደብዳቤ ነው።

ወሰኑ ከፍ ቢል አንድ ጥያቄ ወዲያው ይነሳል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 6 እና የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 22 ወንጀሉ ከተፈጸመ በኋላ የወጣ ሕግ ለተከሳሹ የሚጠቅም ከሆነ ተፈጻሚ ይሆናል ይላሉ። መመሪያ በዚህ ረገድ ሕግ ነው? ከሆነ ጉዳዩ በይግባኝ ላይ ያለ ሰው ይጠቀማል፤ ፍርዱ የጸናበት ግን የጀመረውን ይጨርሳል። በአንድ ክፍል አብረው የታሰሩ፣ ተመሳሳይ ስልክ የሰረቁ ሁለት ሰዎች፣ የአንዱ ይግባኝ ቀጠሮ ስለዘገየ ብቻ ቀድሞ ሊፈታ ይችላል። ማሻሻያውን የሚጽፉት ሰዎች ለዚህ የመሸጋገሪያ አንቀጽ አስቀድመው ካላሰቡበት የመጀመሪያው የአቤቱታ ሰልፍ ከማረሚያ ቤቶች ይመጣል።

እናቲቱ ከችሎት ሲወጡ ጠበቃው አንድ ወረቀት ሰጥቷቸው ነበር። ማንበብ ስለማይችሉ ለእኔ ዘረጉልኝ። ከላይ የአንቀጹ ቁጥር፣ ቀጥሎ የንብረቱ ግምት፣ ቀጥሎ ደረጃው፣ ከታች እርከኑ። ጣታቸውን ግምቱ ላይ አሳረፉና «ይህን ያህል ነው እንዴ ያ ስልክ?» አሉ። ስልኩ አሮጌ እንደነበር፣ ልጁ ሲወስደውም ጠርዙ የተሰነጠቀ እንደነበር ነገሩኝ። ግምቱ የተጻፈው በአዲስ ስልክ ዋጋ ነበር። ወረቀቱን አጥፈው ቀሚሳቸው ውስጥ ከተቱና ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ሚኒባስ ሳይሞላ ለመድረስ ተነሱ።